የቆሮሶ ዘር በእስያ ኩሬዎች

በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች የሚጠመደው ቆሮሶ፣ በሌላ ስሙ የናይል ቲላፒያ፣ አፍሪካዊ ዓሣ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1962 ከግብፅ ወሰደችው። በ1965 አልጋ ወራሽ አኪሂቶ 50 ዓሦች ለታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል ላኩ፤ ንጉሡም በቤተ መንግሥታቸው ኩሬ አራብተው ለገበሬው አከፋፈሉ። በ1972 ዘሩ ፊሊፒንስ ደረሰ።

ብዙ ኩሬ የሞላው ዓሣ ግን ከጥቂት እናትና አባት የወጣ ነበር። የሥጋ ዘመዳሞች እርስ በርስ ሲራቡ፣ ቀድሞ ከገባው የሞዛምቢክ ቲላፒያም ጋር ሲዳቀሉ፣ ዕድገቱ ደከመ። ጥፋቱ የዘር ይሁን የውሃ መለየት ቀላል አልነበረም። ቆሮሶ ውሃው ሲቀዘቅዝ መብላት ይተዋል። ኩሬው ሲጨናነቅ ደግሞ ገና መዳፍ ሳያክል መራባት ይጀምራል፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ በእነዚያ ቀናት አትመገብም፤ ቶሎ ቶሎ ስትራባ ሥጋ አታወጣም። ጡንቻውም የዘርና የውሃ ውጤት ነው። ብዙ ዓሦች ከአጥቢ እንስሳት በተለየ ከተፈለፈሉ በኋላም አዳዲስ የጡንቻ ክሮች ያበቅላሉ፤ የክሮቹን ብዛት ዘርም፣ ፅንሱ የቆየበት ውሃ ሙቀትም ይወስነዋል።

ኢክላርም የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል በ1988 ከፊሊፒንስና ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር ይህን ለመለየት ተነሣ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ ዓሦች በእስያ ከሚረቡ አራት ዘሮች ጎን ተሰለፉ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ዓሣ መለያ ምልክት ተደርጎበት ሁሉም በአንድ ውሃ ተለቀቁ። ውሃውና መኖው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የዘር ነው። ሙከራው በኩሬ፣ በመረብ ቤትና በሩዝ ማሳ ጭምር በ11 ዓይነት ሁኔታ ተካሄደ። ከጋናው በቀር አፍሪካውያኑ ከእስያዎቹ እኩል ወይም በልጠው አደጉ። በአንድ ስፍራ የበለጠው ዘር በሌላውም ስፍራ ብዙውን ጊዜ በለጠ፤ ስለዚህ ለየስፍራው ሌላ ዘር ማውጣት አላስፈለገም።

ከምርጦቹ ተዳቅሎ የወጣው ጊፍት የተባለው ዘር በየትውልዱ ከ12 እስከ 17 በመቶ ዕድገት እየጨመረ፣ በአምስት ትውልድ ከመነሻው 85 በመቶ ያህል በለጠ። ማዕከሉ ግን የዱሩን ቆሮሶ እንዳይበርዝ በመስጋት ለዓመታት ወደ አፍሪካ አላስገባውም። ግብፅ በአባሳ፣ ጋናም በአኮሶምቦ የየራሳቸውን ወንዝ ዓሣ በዚያው ዘዴ እየመረጡ አራቡ።