በሩሲያ ቤተሰብ ያደጉት ኢትዮጵያዊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የባዕድ ቋንቋን ከመጽሐፍ መማር አንድ ነገር ነው፤ በባለ ቋንቋው ቤት ገብቶ፣ ከማዕዱ ቀርቦ፣ ደስታውንና ኀዘኑን ተካፍሎ መማር ግን ሌላ ነው። ከአገራችን ልጆች በዚህ ሁለተኛው መንገድ ካለፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ገና ብላቴና ሳሉም ሠራዊቱን ተከትለው ዐድዋ ዘመቱ። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል በኋላ የኢትዮጵያና የሩሲያ ወዳጅነት ጠንክሮ ነበር። ሩሲያ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ በዚያው ዓመትም የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኞችን አክመዋል። በዚህ ዘመን ኒኮላይ ሌዎንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ ብላቴናውን ለትምህርት ወደ አገሩ ይዞ ሄደ።

በዚያም ኮሎኔል ሞልቻኖቭ የተባሉ መኮንን ተቀበሏቸው፤ ቤተሰቡም እንደ ልጅ አሳደጋቸው። ሩሲያኛ ለእርሳቸው የክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ የሚበሉበት፣ የሚታዘዙበት፣ ሲያጠፉም የሚገሠጹበት ቋንቋ ሆነ። ኋላም በሴንት ፒተርስቡርግ በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው ወታደራዊ ትምህርት ተማሩ። በሩሲያም ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ብላቴናው የሄዱት ፍጹም ወደማይተዋወቅ ዓለም አልነበረም። በዚያ ዘመን ሩሲያ የምትመራበት የዩልዮስ አቆጣጠር ከእኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር ስለሚስማማ የልደትም ሆነ የትንሣኤ በዓል በሁለቱ አገሮች በአንድ ወቅት ይከበር ነበር። ሥዕለ አድኅኖ፣ ጾም፣ ዕጣንና ጧፍ በዚያም አሉ። ይሁን እንጂ በ451 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በመጣው መለያየት ምክንያት ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በምሥጢር አንድነት የላቸውም። መመሳሰሉ ለእንግዳ ልጅ መጽናኛ ነው፤ ልዩነቱን የሚያስረዳ መምህር አጠገቡ ከሌለ ግን ልጁ የራሱ የሆነውን ከሌላው መለየት ይሳነዋል።

ተክለ ሐዋርያት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ደግመው ወደ አውሮፓ ተሻግረው እርሻን አጠኑ። በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ደረሱ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን አረቀቁ፤ ፋሺስት ጣሊያን ለወረራ በተዘጋጀችበት ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። የሕይወት ታሪካቸውንም የጻፉት በአማርኛ ነው። በባዕድ ቤት የተማሩትን ሁሉ ለእናት አገራቸው አመጡ።

ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ቋንቋ ተምሯል፤ የአባቶቹን አምላክ ግን አልረሳም። ነገር ግን ዳንኤል ብቻውን አልነበረም፤ አብረውት የሚጸልዩ ሦስት ወንድሞች ነበሩት።

ዛሬም ከመካከላችን የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሩሲያና ወደ ሌሎች አገሮች የሚሄዱ እኅቶችና ወንድሞች አሉ። በአውሮፕላን ማረፊያ አቅፈን፣ ፎቶ ተነሥተን እንሸኛቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንቶቻችን እንደውላለን? በጾም ወቅት ማዕዳቸው ምን እንደሚመስል ስንቶቻችን እንጠይቃለን? የሚሄደው ወገን የተቀበለውን ቤተሰብ ያክብር፣ ቋንቋውን ከልቡ ይማር፣ ባህሉን አይናቅ። የምንቀረውም መጽሐፈ ጸሎት በሻንጣው ውስጥ ማኖራችን ብቻ እንደማይበቃ እንወቅ። የዳንኤል ወንድሞች እንሁናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።