ከልጓም እስከ ጉንጉን ቱቦ፦ የፍሬን ታሪክና የእንጦጦ ቁልቁለት

መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ብሎ አደጋ ሲያደርስ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። አነጋገሩ በሽቦ ለሚሳበው ለጥንቱ ፍሬን እንጂ በዘይት ግፊት ለሚሠራው በትክክል የሚስማማ አይደለም። በዘይት ፍሬን ውስጥ የሚበጠስ ገመድ የለም፤ የሚፈስ፣ የሚያብጥ ወይም የሚፈላ ነገር እንጂ። ይህን ልዩነት መለየት ደግሞ የሰው ሕይወት የሚተርፍበት ጉዳይ ነው።

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር መጠሪያውን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኦርድ ዊንጌት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ነጭ ፈረስ ተቀምጦ በሰልፉ ፊት ይሄድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የመጡት ግን በአውቶሞቢል ነው። በዚያ ሰልፍ ፈረሱ በልጓም፣ መኪናው በፍሬን ተገትቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ ወረደ።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ በዚያን ጊዜ ከመጡት አንዱ ነበር። የዚያ ዘመን መኪናዎች ፍሬን በአብዛኛው በዘንግና በሽቦ እየተሳበ የኋላ እግሮችን ብቻ የሚይዝ ነበር። ሽቦው ሲረዝም አንዱ እግር ቀድሞ ይይዛል፤ ሌላው ይዘገያል። በአሜሪካ ማልኮም ሎክሂድ ግፊትን በፈሳሽ የማስተላለፍን ዘዴ ከፈጠረ በኋላ ዱዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1921 አራቱንም እግሮች በዘይት የሚይዝ መኪና ለገበያ አቀረበ። ይሁን እንጂ አሮጌው ዘዴ ወዲያው አልጠፋም፤ በአዲስ አበባ ብዙ ወዳጅ ያፈራው ቮልስዋገን እንኳ ርካሹ ዓይነቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1962 ድረስ በሽቦ ፍሬን ይሠራ ነበር።

የዘይት ፍሬን ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። እግሩ ስለሚዞርና ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የብረቱ ቱቦ መጨረሻ ላይ የሚተጣጠፍ ጎማ መቀጠል ግድ ሆነ። ጎማው በውስጡ የክር ሽፋን ቢኖረውም ሲያረጅ ከውጭ ይሰነጠቃል፣ በግፊት ያብጣል፤ አንዳንዴም ከውስጥ ተልጦ ዘይቱ እንዳይመለስ ይዘጋል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢለቀቅም እግሩ እንደ ታሰረ ይቀራል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ቱቦ መጀመሪያ በአውሮፕላንና በእሽቅድምድም መኪና ላይ የታወቀው ነው። ውስጡ ቴፍሎን ሲሆን፣ በላዩ የማይዝግ ብረት ክር እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖበታል። በግፊት ስለማያብጥ የሾፌሩ ጉልበት ሳይባክን ፔዳሉ ጠንካራ ይሆናል። ነገር ግን የመገጣጠሚያው ጫፍ በፋብሪካ ካልተጨመቀ፣ ርዝመቱ ከመኪናው ጋር ካልተስማማ ወይም ሲገጠም ከተጠማዘዘ ከጎማው የባሰ አደጋ ያመጣል። ጉንጉኑም የውስጡን ጉዳት ከዓይን ይሰውራል።

ከሁሉ በላይ ጉንጉን ቱቦ ዘይትን አያቀዘቅዝም። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል። በደጋ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ደግሞ መፍያው ይበልጥ ዝቅ ይላል። ሾፌር ከሱሉልታ በኩል ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን ሳይለቅ ከወረደ ዘይቱ ሊፈላ፣ ፔዳሉም ወለሉን ሊነካ ይችላል። የተፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ግፊቱ ወደ እግሩ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ቱቦው ጎማ ሆነ ጉንጉን ብረት ልዩነት የለውም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በአገር ውስጥ ያሉት ከቀድሞው ይበልጥ ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ጎማቸውም ዘይታቸውም አብረው ያረጃሉ። ስለዚህ ጉንጉን ቱቦ የሚጠይቅ ደንበኛ ወደ ጋራዥ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ አሮጌው ዘይት ይለወጥ፣ ሸራውና ታምቡሩ ይታይ፣ ያረጀው ቱቦ ይነሣ፤ ሾፌሩም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድን ይልመድ። ጉንጉኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥሩ ተጨማሪ እንጂ የእነዚህ ምትክ አይደለም።