ጉድለት ያለበት የፍሬን መለዋወጫ የገዛ ሸማች መብትና አቤቱታ አቀራረብ

በሀዋሳ ከተማ ለመኪናው ወይም ለባጃጁ የፍሬን ሸራ፣ ዲስክ ወይም ሌላ የፍሬን መለዋወጫ ገዝቶ ጉድለት ያገኘበት ሸማች በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጠበቁለት መብቶች አሉት።

1. ተሽከርካሪውን ማቆም፦ ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ተሽከርካሪው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ብረት ለብረት የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ፣ ሳይመረመር ማሽከርከር ለሕይወት አደጋ ያጋልጣል።

2. ማስረጃ መያዝ፦ ደረሰኙ፣ ማሸጊያውና የተፈታው ዕቃ ሊቀመጡ ይገባል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጉድለቱ የዕቃው ይሁን የአገጣጠሙ፣ ጋራዡ በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ይጠቅማል።

3. ጥያቄ ማቅረብ፦ ሸማቹ ዕቃው በተገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። የተሻለ ዋስትና ከተሰጠው በዋስትናው ይጠቀማል። ጉድለቱ የአገጣጠም ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለጋራዡ ነው።

4. አቤቱታ፦ ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ማስረጃዎቹን አያይዞ ለከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። ጉዳት የደረሰበት ሸማች አስመጪውን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን በአንድነት ወይም በተናጠል ካሣ የመጠየቅ መብት አለው።