የሟቾች ስም ዝርዝር

ከደሴ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት ሸዋ ሮቢትን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ያደግሁት ከዚሁ አስፋልት ዳር ነው። ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ፣ ወደ ወሎ የሚወጣው አውቶቡስ፣ የቆላው ፀሐይ ሲበርድ ቡና ፍለጋ የሚወጣው ሰው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። በኅዳር 2014 ጦርነቱ የመጣብንም በዚሁ መንገድ ነው።

ባለፈው ሰሞን እዚያው ቡና እየጠጣን አንድ የሰፈሬ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ስንት ጊዜ ጻፍክ? ምን ተለወጠ? እኔስ ይህን ንዴት ይዤ የት ልሂድ?» የሥጋ ዘመዶቹን ያጣ ልጅ ነው። መልስ አጣሁለት። «ተረጋጋ» ብለው ስድብ ይሆንበታል። «እግዜር ይፈርዳል» ማለት እውነት ቢሆንም ከእኔ አፍ ሲወጣ ማምለጫ ነው። ሒሳቡን ከፍዬ ተለያየን። ይህን ጽሑፍ ያኔ ያልመለስኩለትን ለመመለስ የጻፍኩት ነው። ወደኋላ ራቅ ብዬ ስለምጀምር ታገሱኝ።

በየካቲት 1965 ዓ.ም 1,500 ያህል የወሎ ገበሬዎች ችግራቸውን ለመንግሥት ሊያስረዱ አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ። ከተማዋ ሳይገቡ ፖሊስ አስቁሞ መለሳቸው። ከወሎ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋናው መንገድ የይፋትን ቆላ አቋርጦ፣ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን የሚወጣው የእኛው መንገድ ነው። በእነዚያ ወራት በሰሜኑ አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የተራበ ሰው ቆሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ግቢው ውስጥ ኤግዚቢሽን አሳዩ። ተማሪው በንዴት ነደደ።

ያ ሁሉ ሰው የነደደው ዝናብ ቀረ ብሎ አልነበረም። ዝናብ ከዚያ በፊትም ቀርቶ ያውቃል። ያናደደው መደበቁ ነው። በነሐሴ 1965 ዩኒሴፍ ስለ ረሃቡ ሪፖርት ሲያዘጋጅ፣ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን መንግሥትን የሚያሳፍር ከሆነ እርዳታው ይቅርብን የሚል መልስ ሰጡ። በጥንቃቄ የተሠሩ ግምቶች እንደሚሉት በዚያ ረሃብ ከ40,000 እስከ 80,000 ሰው ሞቷል። በአደባባይ ሲነገር የኖረው ቁጥር ደግሞ 200,000 ነው።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። በ1958 ዓ.ም ዋግና ላስታ ተራቡ። በኅዳር የተላከው ወሬ ከባለሥልጣን ጠረጴዛ ወደ ባለሥልጣን ጠረጴዛ ሲንከባለል ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ሊደርስ 302 ቀን ፈጀበት። ሲደርስ የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ። በሕይወት ያለው እህል እየጠበቀ፣ ቢሮው የሟቾችን ስም ይጠብቃል።

ይህን ታሪክ ቆጥረውና ጽፈው ያቆዩልን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የ1965ቱ ቁጣ ወዴት እንደሄደ እንይ።

መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ፊልሙን የሠራው የወሎን ረሃብ ለዓለም ለማሳየት ነበር፤ ለዓለምም አሳይቶበታል። ደርግ ግን የሚሞተውን ሕፃን ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየቀጣጠለ አቀረበው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤቱን ሰብስቦ አየ፣ አለቀሰ፣ ተሳደበ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። የእውነት ቁጣ ነበር። የእውነት የነበረውን ቁጣ አንድ ሰው አንስቶ እንደ ክብሪት ተጠቀመበት፤ በዚያች ሌሊት የሆነው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ መርማሪ ኮሚሽን የሚባል አካል ነበር። በ1966 የተቋቋመው የባለሥልጣናቱን ጥፋት፣ የወሎውን ረሃብ ጭምር፣ በማስረጃ እንዲመረምር ነው። ፕሮፌሰር መስፍንም በኮሚሽኑ ውስጥ ነበሩ። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ምስክር ይሰማል፣ ደብዳቤ ያገላብጣል፣ ማን መቼ ምን እንዳወቀ ይጠይቃል። ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደረሰ። በዚያች ሌሊት ስልሳ ሰዎች አለቁ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያለ ፍርድ ቤት ተረሸኑ፤ ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተገደሉ። ሬዲዮው በማግስቱ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው አለ። ያም የስም ዝርዝር ነበር፤ ስም እየተጠራ እጅ የተነሳበት ዝርዝር።

ብዙ ሰው ያን ቀን «ይበላቸው» ብሏል። አልፈርድበትም። ወንድሙ በረሃብ የሞተበት ሰው እንዲህ ቢል ምን ይገርማል? ነገር ግን ከዚያ ግድያ አንድ ኩንታል እህል አልተገኘም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ረሃቡን ማን እንዴት እንደደበቀው ሊናገሩ የሚችሉ አፎች አብረው ተዘጉ። እነማን እንደተገደሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ወሬ 302 ቀን በየትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መሳቢያው ስላልተነካ ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። በመስከረም 1977 ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ እየተራበ ነበር። ኮረም ላይ የወደቀውን ሕዝብ ዓለም ያየው በጥቅምት፣ ሞሐመድ አሚን በቀረጸው ፊልም ነው። የተደበቀ ረሃብ አጋለጥኩ ብሎ ሥልጣን የያዘው መንግሥት ራሱ ረሃብ ደበቀ።

አሁን ወደ መስፍን። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ካርታ የሚሠሩ፣ የዝናብና የእህል ቁጥር የሚደምሩ። በቁጡነታቸው የሚያውቋቸው ብዙ ናቸው፤ ንግግራቸውን የሰማም ጽሑፋቸውን ያነበበም አይስተውም። ያን ቁጣ ግን ወደ ቆጠራ ወሰዱት። ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም ድረስ የነበረውን የኢትዮጵያ ገጠር ረሃብ በየአውራጃው መረመሩ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ኒው ዴልሂ ታተመ። ክርክራቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፣ ረሃብ ግን ገበሬው ከእጁ ወደ አፉ ብቻ እንዲኖር ካደረገው ሥርዓት ይመጣል። ግብሩ፣ እርቦውና ሲሶው፣ የገበያው ግፍ ጎተራውን አራቁተው ያቆዩታል፤ ድርቁ የሚደርሰው ባዶ ጎተራ ላይ ነው። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን «እግዜር ተቆጣ» ለሚል ባለሥልጣን ሁሉ መደበቂያ የሚያሳጣ ነበር።

በ1984 ዓ.ም፣ አዲስ መንግሥት በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ኢሰመጉን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ መሠረቱ። የኢሰመጉን የጥንት መግለጫዎች ያነበበ ሰው ቅርጻቸውን ያውቃል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የተገደለበት ወይም የታሰረበት ቀን። ቅጽል የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሳነባቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቁብኝ። ቆይቼ ነው የገባኝ። ንጉሡ ከወሎ የፈለጉት ዝርዝር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዝርዝሩን የሚጠይቀው ቢሮው ሳይሆን ዜጋው መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ለማዘግየት ያገለገለው ወረቀት፣ በሌላ እጅ ሲገባ መካድ የሚከለክል ወረቀት ሆነ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 የጉባኤው ሥራ አስፈጻሚ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰር መስፍን በ1993 ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር ታሰሩ። ከምርጫ 97 በኋላ በ75 ዓመታቸው እንደገና ገቡና በ1999 ሐምሌ በይቅርታ ወጡ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ የጉባኤውን የባንክ ሒሳብ አሳገደው፤ ከአሥራ ሁለት ቅርንጫፎቹ ዘጠኙ ተዘጉ። በሦስት ቢሮ ደግሞ ቀጠለ። አዋጁ የተለወጠው በ2011 ነው። አሥር ዓመት በባዶ ኪስ መመዝገብ ለእኔ ከአንድ ቀን ሰልፍ ይከብዳል፤ ሰልፍ የወጣሁትም ስላለሁበት ነው የምለው።

ይህን ሳነብብ የሚቆጣ የይፋት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። መስፍን በ1983 በቴሌቪዥን ስለ አማራ ማንነት የተናገሩትን ይቅር ያላላቸው ብዙ ሰው አለ፤ እኔም በዚያ ክርክር ከእሳቸው ጋር አልነበርኩም። በስተመጨረሻ ፓርቲ መሥርተው ወደ ፖለቲካ መግባታቸውም ጉባኤውን ለጠላቶቹ ወሬ አጋልጦታል ብዬ አስባለሁ። ሰውየውን ጻድቅ ለማድረግ አልመጣሁም። የምለው ስለ ንዴታቸው አያያዝ ብቻ ነው። ከኅዳር 14 የሚለየው በለዘብተኝነቱ አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸው ዘንድ ቁጣው ስልሳ ዓመት ያህል አልበረደም። የደርግ ግን በአንድ ሌሊት ጠገበ።

ፕሮፌሰሩ በመስከረም 2013 በ90 ዓመታቸው በኮቪድ አረፉ። ስድስት ወር ሳይሞላ አጣዬ ተቃጠለች፤ በመጋቢት አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ ደግሞ። ካራቆሬም ቆሰለች። በጅሌ ጥሙጋ በኩልም የሞተ፣ ቤቱን ያጣ፣ የሸሸ አለ። ስንት ሰው ሞተ ብላችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ቡና ስትጠጡ ጠይቁ። ቁጥሩ እንደ ተናጋሪው ወገን ከፍና ዝቅ ይላል። ሰንበቴ ላይ ጠይቁ፣ እንደዚሁ። ሁሉም የራሱን ሟች በመቶ ይቆጥራል፤ ስማቸውን ጥራ ሲባል ከአምስት ከስድስቱ አያልፍም። ቁጥሩን የሚያስጮኸውም ሰው ብዙ ጊዜ ከሟች ቤተሰብ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ በስልኩ የሚጽፍ ነው፤ ፊልሙን ከድግሱ ጋር እንደ ቀጠሉት ሰዎች።

ለዚያ ልጅ ያልመለስኩለት ይህንን ነው። ንዴቱን እንዲጥለው አልነግረውም። ደብተር ግዛ ነው የምለው። በአንተ ቀበሌ የሞተውን በስም፣ በአባት ስም፣ በዕድሜ ጻፍ፤ ያየ ሰው ማን እንደሆነ ጻፍ፤ ለማን አመልክታችሁ መቼ ምን እንደተባላችሁ ጻፍ። የመጨረሻውን እንዳትረሳ፤ 302 ቀን ያለችው እዚያ ነው።

ጽሑፉን እዚህ ከመለጠፌ በፊት ትናንት ማታ ላክሁለት። ሲያነብ ቆይቶ ድምፅ ላከልኝ። ደብተር አለኝ አለ፤ የእናቱ የዕቁብ ደብተር ነው፣ ከኋላው ያልተጻፈበት አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና «የነዚያኞቹንም ልጻፍ እንዴ?» አለኝ። የሞተ ሰው ስም ካገኘህ ጻፈው ብዬ መለስኩ። መልእክቱን አይቶታል። እስካሁን ግን አልመለሰልኝም።