በአንድ ዳኛ ወርቅ ያመለጣት ሃንጋሪያዊት፦ ክሪስቲና ሬጎትሲ

ወርቅና ብርን የሚለየው ስንት ነው? ለክሪስቲና ሬጎትሲ የአንድ ዳኛ ድምፅ ነበር። ዛሬ ስለዚህች የበረዶ ላይ ዳንሰኛ የውድድር ዘመን እናካፍላችኋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪስቲና በ1955 ቡዳፔስት ተወለደች። አጣማሪዋ የከተማዋ ልጅ አንድራሽ ሻላይ ነው። አሰልጣኛቸው ደግሞ እንግሊዛዊቷ ቤቲ ካላዌይ ነበረች።

ስፖርቱ ምንድን ነው?

አንድ ወንድና አንዲት ሴት በስኬቲንግ ጫማ በረዶ ላይ ይደንሳሉ። ሴቷን ወደ ላይ መወርወርና አየር ላይ መሽከርከር እዚህ የለም። የሚታየው የእግር ሥራው፣ ከሙዚቃው ጋር መዋሃዱና የሁለቱ መናበብ ነው። ግብ ስለማይቆጠር፣ ሰዓትም ስለማይለካ ሁሉም ነገር በዳኞች እጅ ነው።

የሶቪየቶች ዘመን

ከ1970 እስከ 1979 በነበሩት 10 ዓመታት የዚህን ስፖርት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ የወሰዱት የሶቪየት ኅብረት ጥንዶች ብቻ ናቸው። ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1976 ኢንስብሩክ ላይ ሲሆን ክሪስቲናና አንድራሽ 5ኛ ወጡ። በ1979 ቪየና ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኙ። ወርቁ የሶቪየቶቹ የናታልያ ሊኒቹክና የጌናዲ ካርፖኖሶቭ ሆነ።

ሌክ ፕላሲድ፣ የካቲት 1980

በአሜሪካው ኦሊምፒክ እነዚሁ ጥንዶች ዳግም ተገናኙ። ያኔ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ዳኛ ማንን ስንተኛ እንዳደረገ ይታይ ነበር፤ አብዛኛው ዳኛ አንደኛ ያለው ያሸንፋል። ከ9ኙ ዳኞች 5ቱ ሶቪየቶቹን፣ 4ቱ ሃንጋሪዎቹን አንደኛ አደረጉ። በነጥብም ቢሆን 205.48 ለ204.52 ነው፤ ልዩነቱ 1 ነጥብ እንኳ አይሞላም። አንድ ዳኛ ብቻ ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ወርቁ ቡዳፔስት ይገባ ነበር።

ዶርትሙንድ፣ መጋቢት 1980

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጀርመን ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ተጋጣሚዎቹ ያው ናቸው። በዚህኛው ግን ክሪስቲናና አንድራሽ አንደኛ፣ ሊኒቹክና ካርፖኖሶቭ ሁለተኛ ሆኑ። የ10 ዓመቱ የሶቪየት ሰንሰለት ተበጠሰ! ክሪስቲና ያኔ ገና 24 ዓመቷ ነበር። ጥንዶቹም የዓለም ሻምፒዮን እንደሆኑ ከውድድር ተሰናበቱ።

ከእነሱ በኋላ

የካላዌይ ሥራ ቀጠለ። ሌሎቹ ተማሪዎቿ እንግሊዛውያኑ ጄን ቶርቪልና ክሪስቶፈር ዲን ከ1981 እስከ 1984 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ1984 ሳራዬቮ ላይም የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ። ሃንጋሪ ግን ከሌክ ፕላሲዱ ብር በኋላ ቀጣዩን የክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያየችው ከ38 ዓመት በኋላ በ2018 ነው። እሱም በዳንስ ሳይሆን በበረዶ ላይ የፍጥነት ውድድር፣ በዱላ ቅብብል የተገኘ ወርቅ ነው።

ዳኛ በሚወስንበት ስፖርት ተሸናፊ ብዙ ጊዜ «ተበደልኩ» ብሎ ይቀራል። ክሪስቲና ግን በወሩ ተመልሳ እዚያው በረዶ ላይ መልስ ሰጠች።

እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር፦ የኦሊምፒክ ወርቅ ወይስ የዓለም ሻምፒዮንነት? ኮመንት ላይ ንገሩን።