ሚኒ ያናወጠው ግቢ

እስቲ ወደ መጋቢት 1960 ዓ.ም. እንመለስ። ሰፈራችን አያት ያኔ ገና እርሻ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። አብዮተኞቹ ተማሪዎች የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተነሱ፤ ትርኢቱን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። ነገሩ ከሮ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። በአንድ ፋሽን ትርኢት!

ወራሪን መቃወም ባልከፋ። ግን የወንዶቹ ኮትና ከረባትስ (ኋላ የመጡት አፍሮና ቤልቦተምም) እንጦጦ ላይ ነው እንዴ የተሸመኑት? ለነሱ ሰልፍ አልተወጣም። ባህል እንድትጠብቅ የታዘዘችው ባለ ሚኒዋ ብቻ ናት።

ዛሬ አያት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ወንድምና እህት አንድ ባጊ ሱሪ ተዋውሰው ይለብሳሉ። «ምን ለብሰሽ ነው?» የምትባለው ግን እሷ ናት።