እግር መቁረጥ ብቻውን ያላዳነበት ዘመን

አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ይሰለፋል። ፈረስ ባለበት መውደቅ አለ፤ መውደቅ ባለበት ደግሞ ወጌሻ አለ። አጥንት ሲወልቅ፣ እግር ሲያብጥ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

ነገር ግን ወጌሻ የማይፈታው የአጥንት ሕመም አለ። የአጥንት ካንሰር ነው። አንዱ ዓይነት ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል፤ አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት በጉርምስና ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት አካባቢ ይነሳል። ሌላው ኢዊንግ ሳርኮማ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ለይቶ ከገለጸው አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ኢዊንግ ነው። ሁለቱም ብዙ ሰው ላይ አይታዩም፤ ሲመጡ ግን ይቸኩላሉ።

ልጁ "ኳስ ስጫወት ተመትቼ ነው" ይላል። ቤተሰቡም ያምናል። እግሩ ይታሻል፣ ይታሰራል። ወራት ያልፋሉ፤ ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ እብጠቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ሐኪም "እግሩ ይቆረጥ" ሲል ቤተሰቡ "ተቆርጦስ ይድናል?" ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ከንቱ አይደለም። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሀብታሞቹ አገሮችም ኦስቲዮሳርኮማ የያዘው ልጅ እግሩ ይቆረጥ ነበር፤ ከ5 ልጆች 4ቱ ግን ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ቢላዋው አልነበረም። እግሩ ሲቆረጥ በሽታው በዓይን ሳይታይ ሳንባ ገብቶ ስለነበር ነው።

ታሪኩ የተለወጠው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሐኪሞች በደም ውስጥ የተበተነውን ካንሰር የሚያሳድዱ መድኃኒቶች፣ ዶክሶሩቢሲንና ሜቶትሬክሴት፣ መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ የ12 ዓመት ልጅ እግሩ ተቆርጦ መድኃኒቱን ወሰደ፤ ዳነ፤ አድጎም የሕግ ባለሙያ ሆነ። ዛሬ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ይሰጣል። በሽታው ሳይሰራጭ ከተደረሰበትና ሕክምናው ከተሟላ ከ10 ልጆች 6 ወይም 7 ይድናሉ። ብዙ ጊዜም እግሩ ሳይቆረጥ የታመመው አጥንት ብቻ ይወጣል።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ አንድ በር ብቻ ነበረው፤ አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። የጨረር ሕክምና ለዓመታት ከዚያ ሌላ አልነበረም። በ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል አደራጀ፤ በጎንደር፣ በጅማና በመቀሌም አገልግሎቱ ተጀመረ። ለአዊ ቤተሰብ ግን ጉዞው ዛሬም ከባድ ነው። ከእንጅባራ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሕክምናው በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስን ይጠይቃል፤ በግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መድኃኒቱ ይቋረጣል። የተቋረጠ መድኃኒት ልጁን ወደ 1960ዎቹ ይመልሰዋል።

ስለዚህ "ተቆርጦም አይድንም" የሚለው ፍርሃት ትናንት እውነት ነበር። ዛሬ እውነት የሚያደርገው መዘግየት ነው። ዘግይቶ የደረሰ ልጅ ሲሞት መንደሩ ቢላዋውን ይወቅሳል፤ ቀጣዩ ቤተሰብም ይበልጥ ይዘገያል።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ወጌሻውን መስደብ አይጠቅምም፤ ሰው የሚያምነው እሱን ነው። ሳይወድቅ ያበጠን፣ ሌሊት የሚያስለቅስን፣ በጥቂት ሳምንታት ያልተሻለውን እግር ሳያሽ "መጀመሪያ ራጅ ተነሡ" ብሎ ከላከ፣ ከማንም በፊት ሕይወት የሚያድነው እሱ ነው። መንገዱን ክፍት ማድረግና መድኃኒቱን ማቅረብ ግን የመንግሥት ዕዳ ነው።